እንቁላል በአራት ማዕዘን

ባለ አራት ማዕዘን መጥበሻ ያለው ሰው ሥራው ማብራሪያ መስጠት ነው። እንግዳ ማድቤት ብቅ ባለ ቁጥር ክብ ክቦቹን መጥበሻዎች ሁሉ አልፎ ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። አንዱ ዘመዳችን የዳቦ ቅርጽ ማውጫ መስላው ነበር። መካኒኩ ጎረቤታችን አንስቶ አገላብጦ ካያት በኋላ «የሞተር ዘይት ለመቀበል ትንሽ ትጠባለች» አለ። አንዲት የሰፈር ሴት ደግሞ የባለቤቴን ፊት እያየች «ምን ቸገረሽ፣ እጀታዋን ካወለቅሽው ሳሙና ይቀመጥባታል» ብላ አጽናናቻት።

መጥበሻዋን ያመጣችልን ቶኪዮ ተምራ የተመለሰችው የባለቤቴ እህት ናት። ሰው ከጃፓን ሲመጣ ካሜራ ይጠበቃል፤ ሻንጣው ሲከፈት መጥበሻ ወጣ። የተሠራችውም ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጃፓኖች ታማጎያኪ የሚሉትን ጥቅልል እንቁላል ለመጥበስ። ሌላ ነገር እንጥበስብሽ ቢሏት እሺ አትልም። በሶፋ ማዕዘን ክብ ሰው ማስቀመጥ እንደማይመች ሁሉ ክብ ቂጣም እሷ ላይ አይመችም።

ለዚያውም አገሩ ራሱ በቅርጿ አልተስማማም። በቶኪዮ ዙሪያ የሚወደደው መጥበሻ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ነው። በኦሳካና በኪዮቶ በኩል ጠበብ ብሎ የረዘመው ይመረጣል፤ የናጎያው ደግሞ ወደ ጎን ሰፋ ይላል። ሙቀት እኩል ስለሚያዳርስ ባለሙያዎቹ የመዳቡን አይለቁም። የእኛዋ የማትይዘው፣ የማታጣብቀው ዓይነት ናት፤ ባለሙያ ስላልሆንን አልተቀየምንም። ልዩነቱ አጠቃለሉ ላይም አለ። የቶኪዮ ሰው እንቁላሉን ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ራሱ ይጠቀልላል፤ የኦሳካው ከራሱ ጀምሮ ወደዚያ ይገፋዋል። ከዚህ ተነስቶ የሁለቱን ሕዝብ ጠባይ መተንተን የሚወድ ሰው አይጠፋም። እኔ ወደ ራሴ ነው የምጠቀልለው፤ ምክንያቱም ያስተማረችን የቶኪዮዋ ናት።

አሠራሩ ሲነገር አጭር ነው። ሦስት እንቁላል ይሰበራል። እኛ ቤት እንቁላል የሚመታው ሹካው ከሳህኑ ጋር ሲንቋቋ ጎረቤት እስኪሰማ ነው፤ አረፋ ካልደፈቀ የተመታ አይመስለንም። እዚህ አረፋ ጠላት ነው። የቾፕስቲኩ ጫፍ ከሳህኑ ወለል ሳይነሳ ግራና ቀኝ ይመላለስና ነጩን ይቆራርጠዋል። ያ የሚጓተተው ወፍራሙ ነጭ በደንብ ካልተቆረጠ ሲጠበስ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ አጥባቂዎቹ በወንፊትም ያሳልፉታል።

ቀጥሎ ዳሺ ይገባል። ዳሺ የጃፓን ምግብ ሁሉ መነሻ የሆነ ቀጭን መረቅ ነው፤ የሚሠራው ኮምቡ ከሚባል የደረቀ የባሕር አረምና በመላጊያ እስኪላግ ድረስ ከጠጠረ ዓሣ ነው። መላጊያ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ዓሣውን የሚልጉበት ሣጥን ምላጩ ወደ ላይ የተገለበጠ የአናጢ መላጊያ ነው። ለሦስት እንቁላል ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዳሺ ለጀማሪ ይበቃል። ዳሺ ሲያልቅብን የደረቀ እንጉዳይ ሌሊቱን ዘፍዝፈን ውኃውን እንጠቀማለን፤ ይህን ጃፓኖችም ስለሚያደርጉት አላጭበረበርንም።

መጥበሻዋ ትሞቃለች። ሶፍት ታጥፎ ዘይት ይነከርና አራቱም ማዕዘን ይታበሳል፤ ማዕዘን ስላለ ነው ሶፍት ያስፈለገው። አንዲት ጠብታ እንቁላል ሲጣልባት ወዲያው «ቸስ» ካለች ዝግጁ ናት። ሲሶው ይፈስና መጥበሻዋ ወዲህ ወዲያ ዘንበል ዘንበል እያለች ስሱን ወለል ታለብሳለች። እብጥ እብጥ የሚለው በቾፕስቲክ ጫፍ ይወጋል። አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ላዩ ገና ሳይደርቅ፣ እያብለጨለጨ ሳለ መጠቅለል አለበት። የእኛ እጅ «ትንሽ ይብሰል እንጂ» ይላል። ያቺ ያልደረቀች ላይ ግን ሙጫው ናት። ከደረቀች ጥቅልሉ ሲቆረጥ እንደ ደብተር ገጽ ይገለጣል። የተጠቀለለው ወደ ዳር ይገፋል፤ ባዶው ቦታ እንደገና በዘይት ይታበሳል፤ ሁለተኛው ሲሶ ይፈሳል፤ ጥቅልሉ ጫፉን ብድግ ተደርጎ ፈሳሹ ከሥሩ እንዲገባ ይደረጋል። ከዚያ እንደገና መጠቅለል ነው። በሦስተኛው ዙር ሳሙና የሚያህል ወፍራም ቢጫ ነገር መጥበሻዋ ላይ ተኝቷል። እዚህ ላይ ነው የሰፈራችን ሴት ልክ እንደነበረች የገባኝ።

የዳሺው ውኃ ነገር ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። እንቁላል ውስጥ ውኃ መጨመር ለእኛ የምግብ ቤት ሌብነት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የእንቁላል ነጭ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ይከተላል። ሙቀቱ ሲጨምር ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ እየተያያዙ፣ እየተጨባበጡ ይሄዱና እንቁላሉ ጎማ ይሆናል። ዳሺው በመካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል። ስኳርም ይህንኑ ያደርጋል፤ በእሱ የሚከፋው ቶሎ ጠቆር ማለቱ ስለሆነ እሳት መቀነስ ያስፈልጋል።

ስኳር አልኩ። ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ነው።

በቶኪዮ በኩል ጥቅልል እንቁላል ጣፋጭ ነው። ስኳር ይገባበታል፣ ሶያ ሶስ ጠብ ይደረግበታል፣ ላዩ ቡናማ ቢል አይጠላም። በኪዮቶና በኦሳካ ዳሺማኪ ይሉታል፤ ዳሺው ይበዛል፣ ስኳር ከነጭራሹ የለም ወይም ለስም ያህል ነው፣ መልኩም ቡናማ ሳይነካው ነጣ ያለ ቢጫ መሆን አለበት። ሲቆረጥ ውኃው ፊጭ ካላለ ለኪዮቶ ሰው እንቁላል አይደለም። የኪዮቶው የቶኪዮውን ኬክ ነው ይለዋል፤ የቶኪዮው ደግሞ የኪዮቶውን በማንኪያ መብላት ያሰኛል ይላል። እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ከውጭ የሚገባ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኛ ቤት ግን ገባበት።

አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ነው የጀመረው። ቁራጩን በሹካ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

«እንቁላል ነው፣ እማማ።»

«እንቁላል መሆኑንማ አየሁት። ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የተጠፈነገው?»

«እስቲ ይቅመሱት።»

ቀመሱ። ለረጅም ጊዜ አላመጡ።

«ስኳር አለው?»

«ትንሽ።»

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤታችን በአንጃ ተከፈለ። ልጆቹ ያለ አንዳች ማመንታት ቶኪዮን ደገፉ። ባለቤቴ ኪዮቶ ሆነች፤ ስኳር በሻይ ነው የምትል ሴት ናት። እኔ ሶያ ሶሱ በርከት ካለልኝ ከየትኛውም ወገን ጋር እቆማለሁ፤ በሁለቱም ወገን ዘንድ ዋጋ ያጣሁት ለዚህ ነው። እማማ ሦስተኛ ወገን አቋቋሙ፦ ቃሪያ የሌለበት እንቁላል አይወያዩበትም።

ልጆቹን ለመክሰስ ያስቸግራል፤ የጃፓን ልጆች ምስክር ይሆኑላቸዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ልጅ ሁሉ የሚወደውን ነገር በሦስት ቃል የሚዘረዝር አባባል ነበር፦ «ክዮጂን፣ ታይሆ፣ ታማጎያኪ»። ክዮጂን የቶኪዮው የዮሚዩሪ ቤዝቦል ቡድን ነው፤ ከ1965 እስከ 1973 የአገሪቱን ዋንጫ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ በላ። ታይሆ በ1961 ገና በ21 ዓመቱ ዮኮዙና የሚባለውን የመጨረሻውን ማዕረግ ያገኘ፣ 32 ውድድር ያሸነፈ የሱሞ ታጋይ ነው። ሦስተኛው እንቁላል ነው። ከእንዲህ ያሉ ሁለት ጉልበተኞች ጎን መሰለፍ ለእንቁላል ቀላል ክብር አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1964 የቶኪዮን ማራቶን ሲያሸንፍ ከመንገዱ ዳር ቆመው ካጨበጨቡለት ልጆች መካከል ኪሱ ባይሆንም ምሳ ዕቃው ውስጥ ይህ እንቁላል የነበረው እንደማይጠፋ ማሰብ ደስ ይለኛል።

እንቁላል እንዲህ የልጅ ሁሉ ምሳ ከመሆኑ በፊት ግን የሀብታም ነገር ነበር። ራኩጎ የሚባል የቧልት ትረካ አላቸው፤ አንድ ተራኪ ትራስ ላይ ተንበርክኮ፣ ማራገቢያና መሐረብ ብቻ ይዞ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እየሆነ ያወራል። ከታወቁት አንዱ «ናጋያ ኖ ሃናሚ» ነው። በአንድ ረጅም የኪራይ ቤት የሚኖሩ ድሆችን አከራያቸው ይጠራቸዋል። ኪራይ ያልከፈሉበትን ወር መቁጠር ካቆሙ ስለቆዩ በድንጋጤ ይሰበሰባሉ። እሱ ግን የሳኩራ አበባ ወጥቷልና እንደ ሰው ወጥተን እንይ፣ መጠጡም ምግቡም ከእኔ ነው ይላቸዋል። ደስታቸው የሚቆየው ግብዣውን እስኪያዩ ነው። ሳኬ የተባለው የቀጠነ ሻይ ነው። የዓሣ ኬክ የተባለው የተቆራረጠ ነጭ ፍጅል ነው። ጥቅልል እንቁላል ተብሎ የቀረበው ደግሞ ጨው ውስጥ የከረመ ቢጫ ፍጅል፤ በመልክ ብቻ የሚገናኙ። ሰው ፊት ስለሆኑ እየሰከሩ ማስመሰል፣ ፍጅሉንም ሳያንኮሻኩሹ መዋጥ አለባቸው። አንዱ እንቁላሉን አቀብሉኝ ካለ በኋላ ጭራው ያልሆነውን ብሎ ይጨምራል። እኔ ስለ ድህነት ከሰማኋቸው ቀልዶች ውስጥ ድሃውን ትቶ በማስመሰል ላይ የሚስቅ ይህ ነው፤ በሰርግ ሰሞን ተበድሮ ደግሶ የሚያውቅ አገርም ጠንቅቆ ይገባዋል።

ጭራው በእውነተኛውም እንቁላል ላይ ጉዳይ አለው። ጥቅልሉ ሲቆረጥ ሁለቱ ጫፎች የተንሸዋረሩ ናቸው፤ እንግዳ ፊት አይቀርቡም። እኛ ቤት የጠበሰው ሰው ነው የሚበላቸው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምጠብሰውም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ መሙያው እንሂድ፤ ቤታችን በሰላም የምታድረው በእሱ ነውና። የዚህ እንቁላል ብልሃቱ ውጭው ያው ሆኖ ሳለ ውስጡ እስኪቆረጥ ድረስ አለመታወቁ ነው። በአንጃ ለተከፈለ ቤት ከዚህ የተሻለ ምግብ አልተፈጠረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ጥቅልል ፊቱ ይቀርብለታል፤ ማን ለማን እንዳደላ የሚታወቀው ከቢላው በኋላ ነው።

ጃፓኖች ራሳቸው የማይጠቀልሉበት ነገር የለም። ኖሪ የሚባለው ጥቁር የባሕር ቅጠል በእያንዳንዱ ንጣፍ ላይ ከተደረገ ሲቆረጥ ጥምዝምዝ መስመር ያወጣል። ደቃቅ የነጭ ዓሣ ጫጩት፣ የቀጭን ሽንኩርት ቅጠል፣ ስፒናች፣ ቺዝ፣ በፉኩኦካ ደግሞ ሜንታይኮ የተባለው በበርበሬ የተያዘ የዓሣ እንቁላል አለ። እንቁላል በእንቁላል መጠቅለል ማለት ነው፤ ያውም በበርበሬ። እማማ ይህን ሲሰሙ ለጃፓን የነበራቸው አስተያየት ትንሽ ተሻሻለ። ኡማኪ ላይ ግን ተመልሶ ወደቀ። ኡማኪ የተጠበሰ ኡናጊ የሚጠቀለልበት ነው፤ ኡናጊ እባብ የመሰለ ዓሣ ነው። ቅርፊቱ የማይታይ ዓሣ፣ አምባዛ እንኳ የማይገባበት ቤት ያደጉ ሴት ፊት የማይነገር ነገር ነበር፤ ተናገርኩት፤ እማማም አማተቡና ሹካቸውን ተመልሰው በደንብ አዩት።

መሙያ ሁለት መንገድ አለው። የደቀቀው ከእንቁላሉ ጋር ይደባለቃል፤ ረጅሙ በመጀመሪያው ንጣፍ ጫፍ ላይ ተጋድሞ እንደ እምብርት ይጠቀለላል። ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው፦ ውኃ አይኑረው። ውኃ ያለው መሙያ ሲሞቅ ይለቀዋል፤ ጥቅልሉም ከውስጥ ይፈታል። ቆስጣ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር ተደርጎ ከወጣ በኋላ በሁለት እጅ እስኪያለቅስ መጨመቅ አለበት። ቲማቲም አይሞከር። አይብ የሚሆነው በጨርቅ ታስሮ አጓቱ ጥፍት ብሎ ከወጣ ነው፤ የተከተፈ ጎመን ትንሽ ካገኘ የማይናቅ እምብርት ይወጣዋል። ካሮት በጣም ቀጥኖ ተከትፎ በዘይት አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበስ አለበት፤ ጥሬውን ከገባ እንቁላሉ በስሎ እሱ አይበስልም። የቆርቆሮ ቱናም ጥሩ ነው፤ ዘይቱን ማጥለል ነው ችግሩ። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ፣ በደቃቁ ተከትፎ ይደባለቃል፤ እማማ ፍሬው ለምን እንደወጣ ጠይቀው መልሱ ስላላረካቸው የእሳቸው ከነፍሬው ነው።

በመሙያ ላይ አንድ የራሴ አቋም አለኝ፤ ቺዝ ስንፍና ነው። ምንም ቢሠራ ይጣፍጣል። ቺዝ የገባበትን ጥቅልል ያበላሸ ሰው አላየሁም፤ ጥሩ ጠቅላይ መሆኑንም የተረዳሁለት ሰው የለም። ልጆቹ ይህን ትችቴን አንብበውት ቢሆን እንኳ የሚያዝዙት ቺዝ ነው።

ሙያውን ሲያጠብቁት የት ድረስ እንደሚሄዱ ማየት የፈለገ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጂሮ ድሪምስ ኦፍ ሱሺ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይመልከት። በቶኪዮ ጊንዛ የሱሺ ቤት ያለው የጂሮ ኦኖ ተለማማጅ የነበረው ናካዛዋ እንቁላል እንዲጠብስ ይፈቀድለታል። ከ200 ጊዜ በላይ ሠርቶ አቅርቧል፤ ሁሉም «አልሆነም» ተባለ። በመጨረሻ ጂሮ ይሁን ሲለው ማልቀሱን ራሱ ይናገራል። በእርግጥ የእነሱ እንቁላል የእኛ ዓይነቱ ጥቅልል አይደለም፤ የተፈጨ ሽሪምፕና ተፍቆ የሚዝለገለግ የቦዬ ዘመድ የሚገባበት፣ እንደ ኬክ የሚጋገር ወፍራም ነገር ነው። ፊልሙን አብረን ስናይ እኔ በሰውየው ትዕግሥት ተመሰጥኩ። ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፦ «ያን ሁሉ ያልተቀበለውን ማን በላው?» ፊልሙ መልስ አይሰጥም። በዛሬው የእንቁላል ዋጋ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

የእኛ መጥበሻ እንዲህ ያለ ፈተና የለባትም፤ ዕረፍቷም ብዙ ነው። ጃፓናዊ በአማካይ በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ይበላል። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ መጥበሻዋ አትወርድም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ተሰቅላ ትከርማለች። ፋሲካ ሲመጣ ማንም ስለ ዶሮ ወጡ እንጂ ስለ እሷ የሚያስብ የለም፤ ወጡ ላይ ያለው እንቁላል ደግሞ ሳይነካ ሙሉውን የሚቀርብ፣ ጥቅለላ የማያውቅ ነው።

በሥራ ቀን ዋና መድረሻዋ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ጃፓኖች ቤንቶ በሚሉት ምሳ ዕቃቸው ያካበቱት ልምድ ይረዳል። ለምሳ ዕቃ የሚሆነው ዳሺ አይበዛበትም፤ ውስጡ ጠብ የሚል ሳይኖር ድርቅ ብሎ ይበስላል። ትኩሱን ከነእንፋሎቱ መክደን ማበላሸት ነውና በደንብ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አይነካውም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከታች ጥሩንባ እየነፋ፣ እንቁላል እስኪቀዘቅዝ በማራገቢያ የሚጠብቅ አባት ምን እንደሚመስል ሰርቪስ ነጂው ያውቃል። አንድ ቀን በመስኮት ሲያየኝ «ጋሼ፣ ከሰል ነው?» ብሎኛል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ገበያ መኖሩን የሰማሁት ከትንሿ ልጄ ነው። ሁለት የቺዝ ቁራጭ በአንድ ሳምቡሳ ይለወጣል። ቱናው አንድ በአንድ ነው። የእማማ ቃሪያ ከነፍሬው ለውድድር ነው የሚገዛው፤ ሳያለቅስ የጨረሰ አንድ ብስኩት ያገኛል። የቆስጣው ግን እስካሁን ገዢ ስላልተገኘለት እንደወጣ ይመለሳል፤ እሱን እኔ በማግስቱ ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ።